የዓሣ ርባታ ትምህርት በመልሶ ማቋቋም ተግባር

ድርቅ በተነሣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው እህል ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ለተራበ ሰው ሊቀርብለት የሚገባው ምግብ እንጂ ምክር አይደለምና። ነገር ግን የእህሉ ጭነት ከተራገፈና የመጠለያው ድንኳን ከተነቀለ በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ይኸውም በሬው ያለቀበት፣ ለዘር ያስቀመጠውን የበላ፣ ወይም ከቀዬው ርቆ በማያውቀው ሥፍራ የሠፈረ ገበሬ ከእንግዲህ በምን ሙያ ይተዳደራል የሚለው ነው። የመልሶ ማቋቋም ተግባር የሚመዘነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ረኃብ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን እንዲመሠረት ምክንያት መሆኑ ይታወሳል። የመሥሪያ ቤቱ ስም ሁለት ተግባራትን አጣምሮ የያዘ ነበር፤ አንዱ መርዳት፣ ሁለተኛው ማቋቋም። ከዚያ ወዲህ በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ታላቅ ረኃብም ሆነ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንዲፈልግ ያደረገው የ2008 ዓ.ም. ድርቅ ያረጋገጡት አንድ ነገር ቢኖር ሁለተኛው ተግባር ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸጋሪ መሆኑን ነው። እህል በመርከብና በከባድ መኪና ይመጣል፤ ሙያ ግን ተጭኖ አይመጣም።

ለተቋቋሚ ቤተሰቦች እንዲያገለግሉ ከታሰቡት ሙያዎች አንዱ ዓሣ ማርባት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሙያ የት ሊሠራና የት ሊከሽፍ እንደሚችል፣ ትምህርቱም ምን ምን መያዝ እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

ማጥመድና ማርባት

በቅድሚያ ሁለት ሥራዎችን ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል። ዓሣ ማጥመድ በሐይቅ፣ በወንዝ ወይም በግድብ ውስጥ ተፈጥሮ ያሳደገችውን መልቀም ነው። ዓሣ ማርባት ደግሞ ኩሬ ቆፍሮ፣ የዓሣ ጫጩት ጨምሮ፣ መግቦና ጠብቆ ማሳደግ ነው። የመጀመሪያው ከአዳኝ ሙያ ጋር ይመሳሰላል፤ ሁለተኛው ከከብት አርቢ ሙያ ጋር ይዛመዳል። ስለዚህም ከብት አድልቦ ለሚያውቅ የደጋ ገበሬ፣ ውኃው እንግዳ ቢሆንበትም፣ የርባታው ሐሳብ ሩቅ አይደለም።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። ዓሣ በሌለበት ወይም ባነሰበት ውኃ ጫጩት ጨምሮ ራሱ እንዲራባ መተው ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የወሎው ሐይቅ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ቆሮሶ የተባለው የዓሣ ዝርያ በዚህ ሐይቅ ውስጥ ተጨመረ። ዓሣው ውኃውን ወዶ ተራባ፤ በድርቅ ክፉኛ በተጎዳ አካባቢም መረብ ይዞ የሚያድር አዲስ ባለሙያ ተፈጠረ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ተመራማሪዎች ከዓመታት በኋላ ሐይቁን ሲመረምሩ ቀድሞ ጥርት ያለው ውኃ ወደ አረንጓዴነት መለወጡን አይተዋል። ቆየት ብሎም ዓሣው ከመጠን በላይ ይጠመድ ጀመር። ዓሣውን ወደ ውኃው መጨመር የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ስንት ይጠመድ፣ በምን ዓይነት መረብ፣ በየትኛው ወር ይታቀብ የሚለውን ማስተማርና ማስከበር ግን የዘወትር ሥራ ነው። በጣና ሐይቅም በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች የሚወጡት ዝርያዎች በወንዞቹ አፍ ላይ ይጠመዱ ስለነበር ቁጥራቸው በእጅጉ ማሽቆልቆሉ ተመዝግቧል። መሣሪያው ከዕውቀቱ ቀድሞ በደረሰበት ሁሉ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ቅድሚያ ለውኃው

የዓሣ ኩሬ ዝናብ አያዘንብም። ይህ ግልጽ የሆነ ነገር ቢመስልም በዕቅድ ላይ ሲዘነጋ ይታያል። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ፣ ማለትም 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ ቆላማ በሆነ ሥፍራ በፀሐይና በነፋስ ብቻ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ሊያጣ ይችላል። ይህ ሲሰላ 1,000 ሊትር፣ ወይም እያንዳንዱ 20 ሊትር የሚይዝ 50 ጄሪካን ውኃ ነው። ወደ መሬት የሚሰርገው ከዚህ በላይ ነው። እናቶች አንድ ጄሪካን ውኃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን በሚጓዙበት ቀበሌ ኩሬ ማስቆፈር እንግዲህ እርዳታ ሳይሆን ተጨማሪ ሸክም ነው።

ስለሆነም ዓሣ ማርባት የድርቅ መድኃኒት ሆኖ መቅረብ የለበትም። ተገቢ ቦታው ውኃ አስቀድሞ የተጠራቀመበት ወይም ዓመቱን በሙሉ የሚፈስበት ሥፍራ ነው፤ የመስኖ ቦይ ያለበት፣ ምንጭ የጎለበተበት፣ ለእርሻ የተሠራ አነስተኛ ግድብ የሚገኝበት ነው። በእነዚህ ሥፍራዎች ዓሣው ውኃውን አይጨርሰውም፤ ይገለገልበታል እንጂ። ከኩሬው የሚወጣው ውኃ በእበትና በዓሣው ኩስ የዳበረ በመሆኑ ለጓሮ አትክልት ይስማማል። በማላዊ ደቡባዊ ክፍል፣ በዞምባ አካባቢ፣ ኩሬውን ከአትክልት ቦታ ጋር ያጣመሩ ገበሬዎች በድርቅ ዓመት ከሌሎች የተሻለ መቋቋም ችለዋል። ምክንያቱም ኩሬው ጎድሎ ለዓሣ ባይበቃ እንኳ የወለሉ ርጥበት ለአትክልት ያገለግላል።

የአየሩ ሙቀትም መታየት አለበት። ቆሮሶ ደኅና ሆኖ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መኖ መብላቱ ይቀንሳል፤ ዕድገቱም ይጓተታል። በብርዳማ ደጋ ካርፕ የተባለው ዝርያ የተሻለ ይታገሣል። በአንጻሩ የሠፈራ ጣቢያዎች በብዛት የተቋቋሙባቸው የምዕራብ ቆላዎች ለቆሮሶም ሆነ ለአምባዛ የተመቹ ናቸው።

የትምህርቱ ይዘት

አንድ ተቋቋሚ ገበሬ ዓሣ አርቢ ነው ሊባል የሚችለው ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ያለ ባለሙያ እርዳታ ራሱ ሲፈጽም ነው።

አንደኛ፣ አፈር መምረጥ። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ እርጥብ አፈር አድቦልቡሎ ወደ ላይ ወርውሮ መቅለብ ነው። ድቡልቡሉ ቢበተን አፈሩ አሸዋ የበዛበት ነው፤ ሳይበተን ቢመለስ ሸክላነት አለው። ቀጥሎ ወገብ ድረስ የሚያደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ማታ ውኃ መሙላት፣ ጠዋት የጎደለውን እንደገና ሞልቶ በቅጠል መሸፈን ነው። በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውኃ ካለ ቦታው ውኃ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ ኩሬውን መሥራት። ኩሬው በአንድ ወገን 80 ሴንቲ ሜትር፣ በውኃ መልቀቂያው ወገን 1 ሜትር ከ20 ያህል ጥልቀት ቢኖረው ይመረጣል። ከተቆፈረው አፈር ግድግዳው ይገነባል። ግድግዳውም ተደልድሎና ተጠቅጥቆ፣ ጎኑ ዘንበል ብሎ ሣር ሊተከልበት ይገባል። ለ200 ካሬ ሜትር ኩሬ ከ100 ሜትር ኩብ የማያንስ አፈር ይቆፈራል። አንድ ሰው በቀን 2 ሜትር ኩብ ቢቆፍር 50 ቀን ይፈጅበታል ማለት ነው። ይህ ከረኃብ ገና ላገገመ ቤተሰብ ቀላል ጉልበት አይደለም። ስለዚህ ቁፋሮው በደቦ እንዲሠራ፣ ወይም ለሥራ የሚሰጠው ምግብ ይህንን ጉልበት እንዲያካትት ካልተደረገ ኩሬው ከግማሽ አይዘልም።

ሦስተኛ፣ ውኃውን ማዳበር። ቆሮሶ በዋነኛነት የሚመገበው ውኃው ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ይህንን ለማብቀል የከብት እበት፣ የዶሮ ኩስ ወይም በኩሬው ጥግ በእንጨት ታጥሮ የሚበሰብስ ብስባሽ ይጨመራል። ልኩ የሚታወቀው በክንድ ነው። ገበሬው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ውኃው ያስገባል። ውኃው ክርኑ ላይ ሲደርስ መዳፉ ከዓይኑ ከተሰወረ ልክ ነው፤ ክርኑ ሳይደርስ ከጠፋ ማዳበሪያው በዝቷል፤ ክርኑ ገብቶም መዳፉ ጥርት ብሎ ከታየ ገና ይቀረዋል። መጋረዱ ግን ከአረንጓዴነት እንጂ ከጭቃ የመጣ መሆን የለበትም። ማዳበሪያው ከመጠን ካለፈ ውኃው ሌሊት አየር ያጥረዋል። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ ከታዩ ማዳበሪያውን አቁሞ ንጹሕ ውኃ መልቀቅ ነው።

አራተኛ፣ መመገብ። ለዚህ ከሩቅ የሚመጣ መኖ አያስፈልግም። የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የጠላ አተላ፣ የጎመን ቅጠል፣ የምግብ ትራፊ ሁሉ ያገለግላል። ዋናው ነገር በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ መስጠት ነው። እንዲህ ከሆነ ዓሦቹ ስለሚለምዱ ገበሬው በየቀኑ ጤንነታቸውን ያያል፤ የተረፈውንም አይቶ መጠኑን ያስተካክላል።

አምስተኛ፣ ብዛትን መቆጣጠር። ጀማሪዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ትልቁ ችግር ይህ ነው። ቆሮሶ በሞቃት ውኃ ከ3 እስከ 4 ወር ዕድሜ ሲሞላው መራባት ይጀምራል። ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምትጠብቅ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። ገበሬው ኩሬው በዓሣ ሲሞላ ደስ ይለዋል፤ በስድስተኛው ወር ሲያጠምድ ግን ከጣት የማይበልጡ ብዙ ዓሦች ያገኛል። መፍትሔው በአንድ ካሬ ሜትር ከ2 ጫጩት አለማስበለጥ፣ ተፈልፍለው የሚወጡትን ትንንሾች በየጊዜው ማንሣት፣ ወይም ጥቂት አምባዛ ዘግይቶ በመጨመር ትንንሾቹን እንዲበላ ማድረግ ነው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ፈጥነው ስለሚያድጉ ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማሳደግም ይቻላል፤ ይህ ግን በእጅ ይዞ የመለየት ልምምድ ይጠይቃል።

ስድስተኛ፣ መሰብሰብና ማቆየት። በ200 ካሬ ሜትር ኩሬ 400 ጫጩት ቢጨመርና ከእነዚህ 320ዎቹ ቢተርፉ፣ እያንዳንዳቸውም 150 ግራም ቢመዝኑ፣ 48 ኪሎ ግራም ዓሣ ይገኛል። ይህ ቤተሰብን አያበለጽግም፤ ለሕፃናት ግን ከእህል የማይገኝ ምግብ ነው፤ ከፊሉ ሲሸጥም ለጨው፣ ለሳሙናና ለደብተር ይሆናል። ነገር ግን ዓሣ በቆላ ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ፣ ሰንጥቆና ጨው ነስንሶ በከፍታ ቦታ በፀሐይ ማድረቅ ወይም በጭስ ማጠን የትምህርቱ አካል መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ጤናና አመጋገብ

ኩሬ ከጥቅሙ ጋር አደጋም ይዞ ይመጣል። በዳር ዳሩ አረም የበቀለበት ኩሬ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣና የወባ ትንኝ መጠለያ ይሆናል። ዓሣ የትንኝ ዕጭ ይበላል፤ አረም ውስጥ የተደበቀውን ግን አያገኘውም። ስለዚህ የኩሬውን ዳር በየሳምንቱ ማጽዳት፣ በውኃው ውስጥም ሆነ በአጠገቡ አለመጸዳዳት፣ ሕፃናት እንዳይዋኙበትና እንዳይወድቁበት ማጠር የርባታው አካል ሆኖ መቆጠር አለበት። ከደጋ ወርደው በቆላ የሠፈሩ ብዙ ወገኖች በወባ ማለቃቸው ሊረሳ አይገባም።

ሌላው ጉዳይ አመጋገብ ነው። ብዙ የደጋ ገበሬዎች ዓሣ ቀምሰው አያውቁም፤ ሽታውን የሚጸየፉ፣ አጥንቱን የሚፈሩም አሉ። በሌላ በኩል ብዙ ጿሚዎች በጾም ወራት ዓሣ ስለሚመገቡ በዐቢይ ጾም ወቅት በከተሞች ዋጋው ይወደዳል። ስለዚህ የምርቱ ወር ከጾሙ ጋር እንዲገጥም ጫጩቱ የሚጨመርበትን ጊዜ አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል። ለቤት ፍጆታ ደግሞ ወጡን የምትሠራው እናት ቅርፊቱን ማንሣት፣ አጥንቱን ለይቶ ለሕፃን መስጠት፣ በሽንኩርትና በበርበሬ አጣፍጦ መሥራት ካልተማረች ኩሬው የባልየው ብቻ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ለሥልጠና የሚጠራው ወንዱ ነው፤ መኖውን የምትሰጠው፣ ዓሣውን የምታደርቀውና ገበያ የምታወጣው ግን ሴቷ ነች። ሥልጠናው ሥራውን ለሚሠራው ሰው ሊሰጥ ይገባል።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የታሪክ ትምህርቶች አሉ። የመጀመሪያው ከአገራችን ውጭ ነው። ቤልጅግ ኮንጎን ትገዛ በነበረበት ዘመን፣ በ1950ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከ100 ሺህ የማያንሱ የዓሣ ኩሬዎች በአገሪቱ ተቆፍረው ነበር። ብዙዎቹ የተቆፈሩት በአስተዳዳሪዎች ግፊት እንጂ በገበሬው ፈቃድ አልነበረም። አገሪቱ በ1960 ነፃነቷን ስታገኝና ተቆጣጣሪዎቹ ሲሄዱ አብዛኞቹ ኩሬዎች ተተዉ።

ሁለተኛው የራሳችን ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ከፋ፣ ኢሉባቦር፣ ወለጋ፣ መተከልና ጋምቤላ ተወስዶ ሠፈረ። ከእነዚህ መካከል ያለ ፈቃዳቸው የተወሰዱ፣ ከቤተሰባቸው የተነጣጠሉና በበሽታ ያለቁ ብዙዎች ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለማስፈር ታቅዶ የተጀመረው መርሐ ግብር በፈቃደኝነት ላይ እንዲመሠረት የተደነገገውም ከዚህ በመነሣት ነው። ሰው በግዴታ ከቦታ ቦታ ሊወሰድ ይችላል፤ ሙያ ግን በግዴታ አይለመድም።

ከእነዚህ ሁለት ትምህርቶች በመነሣት የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባል። የሦስት ቀን ስብሰባ ሥልጠና አይደለም። ገበሬው አንድ ጊዜ ከአሠልጣኙ ጋር፣ ሁለተኛ ጊዜ ራሱ እየሠራ አሠልጣኙ እያየው ምርት እስኪሰበስብ ድረስ መደገፍ አለበት፤ ይህም ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ለመላው የሠፈራ ጣቢያ በአንድ ጊዜ ኩሬ ከማስቆፈር በጥቂት ፈቃደኛ ቤተሰቦች መጀመር ይሻላል። ጎረቤት የጎረቤቱን ድስት አይቶ ሲከተል ከማንኛውም ቅስቀሳ ይበልጣልና።

ጫጩቱ የሚመጣበትም መንገድ መታሰብ አለበት። በሰበታ የሚገኘው የዓሣ ምርምር ማዕከል ለልዩ ልዩ ውኃዎች ጫጩት ሲያከፋፍል ቆይቷል። ሆኖም ጫጩት በውኃና በአየር በተሞላ የላስቲክ ከረጢት ተጭኖ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ይጎዳል። ሲደርስም ከረጢቱን በኩሬው ላይ ለሩብ ሰዓት ያህል አንሳፍፎ ሙቀቱ እንዲስተካከል ሳያደርጉ መልቀቅ ይገድለዋል። ስለዚህ በየአካባቢው አንድ ሁለት ገበሬዎች ጫጩት አርብተው ለጎረቤቶቻቸው እንዲሸጡ ማሠልጠን ይበጃል። ቆሮሶ ራሱን የሚያራባ በመሆኑ ይህ አስቸጋሪ አይደለም።

ከሁሉም በላይ የአካባቢው ተወላጅ መዘንጋት የለበትም። በባሮና በጊሎ ወንዞች ዳር የሚኖሩት አኙዋክና ኑዌር፣ በመተከል የሚኖሩት ጉሙዞች ከዓሣ ጋር የቆየ ትውውቅ አላቸው። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር እንደሚወጣ፣ የትኛው ውኃ እንደሚደርቅ ያውቃሉ። ሠፋሪው ተማሪ፣ ተወላጁ መምህር የሚሆንበት ሙያ ማግኘት ለሁለቱም ክብርና ሰላም ይሰጣል። በአንጻሩ መንግሥት ለሠፋሪው ብቻ መረብና ጀልባ ሰጥቶ ተወላጁን ቢተው፣ ወንዙ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

በመጨረሻ

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ድርቅ ደጋግሞ በሚጎበኘው የዋግ ኽምራ ምድር ሰፊ ውኃ አስተኝቷል። ወጣቶችም በማኅበር ተደራጅተው ዓሣ ማጥመድ ጀምረውበታል። ነገር ግን የመንገድ፣ የማቀዝቀዣና የጀልባ እጥረት፣ ቀዳዳው የጠበበ መረብ መጠቀምም ሥራውን ሲፈታተኑት ታይተዋል። መሬት የሌለው ወጣት በአጠገቡ ብዙ ውኃ እያየ ካልተጠቀመበት፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ዓይነት ይሆናል።

እንግዲህ ዓሣ ማርባትን በመልሶ ማቋቋም ዕቅድ ውስጥ ለማስገባት የሚያስብ ማንኛውም ክፍል አስቀድሞ አራት ጥያቄዎችን ቢመልስ መልካም ነው። በድርቅ ዓመት እንኳ ውኃው ይኖራልን? ቤተሰቡ ፈቃደኛ ነውን፤ ለቁፋሮውስ ጉልበት አለውን? ጫጩቱ በሁለተኛው ዓመት ከየት ይመጣል? አሠልጣኙስ እስከ ሁለተኛው ምርት ይቆያልን? ለአንዱ እንኳ መልስ ከታጣ ገንዘቡን ለበሬ፣ ለዘር ወይም ለንጹሕ ውኃ ማዋል ይሻላል። ለአራቱም መልስ ከተገኘ ግን ኩሬው በወረቀት ላይ ከሚቀሩት ብዙ ዕቅዶች የተለየ ይሆናል፤ አንድ ቤተሰብ ከእርዳታ መዝገብ ስሙ ተሰርዞ በራሱ ምርት እንዲተዳደር ያስችላል።